የጭብጥ ዓረፍተ ነገር አጻጻፍ፦ «ስለ ፍቅር ነው» ከማለት ማዶ

«ጭብጡን ጻፉ ተባልን፤ ምን ብለን እንጻፍ?»

አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን አስጠናለሁ። ሥነ ጽሑፍ ላይ ስንደርስ ከሁሉም የሚመጣው ጥያቄ ይኸው ነው። ኮሌጅ የገቡት ሳይቀሩ አሳይመንታቸውን ፎቶ እያነሱ ይልኩልኛል። አብዛኞቹ ታሪኩን አሳምረው ያውቁታል። ማን ማንን እንደወደደ፣ ማን ማንን እንደከዳ፣ መጨረሻው ምን እንደሆነ አንድም ሳያስቀሩ ይተርኩልኛል። ጭብጡን ሲጠየቁ ግን «ስለ ፍቅር ነው» ይሉና ያቆማሉ። ከዚያች አንዲት ቃል ተነስቶ ሙሉ ሐሳብ ላይ የሚደረስበትን መንገድ ማንም አላሳያቸውም። መንገዱን እዚህ በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ፤ እየሠራችሁ አንብቡት።

የምትጽፉት ምንድን ነው?

የጭብጥ ዓረፍተ ነገር ድርሰቱ ስለ ሰው ልጅ ኑሮ የሚያሳየንን ሐሳብ የሚናገር ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። «ፍቅር» ርዕሰ ጉዳይ ነው። ድርሰቱ ስለ ፍቅር ምን እንደሚል ስትጽፉ ነው ወደ ጭብጥ የምትገቡት። ጠንካራ የሚባለው ሦስት ነገር ሲይዝ ነው፦ ስለ ምን እንደሆነ፣ ስለዚያ ነገር ምን እንደሚል፣ እንዲሁም ያ ነገር እንዴት ወይም በምን ዋጋ እንደሚሆን። ሁሉም ሰው የሚዘለው ሦስተኛውን ነው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ድርሰቱ ራሱ። ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ማጠቃለያ አይሆንም። ማጠቃለያ ድርጊቱን ይነግራችኋል እንጂ ገጸ ባሕርያቱ የተናገሩትን ቃል አይነግራችሁም። ጭብጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከአንድ ገጸ ባሕርይ አፍ በወጣች ትንሽ ቃል ውስጥ ነው።
- እርሳስ። መጽሐፉ የራሳችሁ ከሆነ ጠርዙ ላይ ምልክት አድርጉ። የውሰት ከሆነ ወይም ወመዘክር ወይም አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሄዳችሁ የምታነቡት ከሆነ ጥቅሱን ከነገጽ ቁጥሩ ደብተር ላይ ገልብጡ። ከእኛ ሰፈር እዚያ ድረስ ለአንድ ገጽ ቁጥር ተመልሶ መሄድ ቀን ይበላል።
- ደብተር። አንዱን ገጽ መሐል ለመሐል አስምሩትና ለሁለት ክፈሉት። ሦስተኛው እርምጃ ላይ ትፈልጉታላችሁ።
- ሁለት ቀን። ለአጭር ልብ ወለድ ሁለት ምሽት ይበቃል። በአንድ ሌሊት አትጨርሱት። መሐል ላይ የምትተኙበት እንቅልፍ ይጠቅማል፤ በማግስቱ ስታስታውሱት ከታሪኩ የሚቀድማችሁ ትዕይንት ብዙ ጊዜ ዋናው ነው።
- አንድ አድማጭ። እህት፣ ጓደኛ፣ ማንም ይሁን። መጽሐፉን ያላነበበ ቢሆን ይመረጣል።

መለማመጃ ታሪክ

ሁላችንም አንድ ታሪክ ይዘን እንድንሠራ ለልምምድ ብዬ የጻፍኩት አጭር ታሪክ አለ። ሙሉውን እነሆ፦

አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። መሬታቸው ለኮንዶሚኒየም ተወሰደ። በካሳው ልጃቸው ሚኒባስ ገዛበት። እሳቸው ድሮ አውድማቸው በነበረው ቦታ ላይ ለቆመው ብሎክ ዘበኛ ሆነው ተቀጠሩ። ለነዋሪዎቹ ግን መሬቱ የእሳቸው እንደነበር ትንፍሽ አላሉም። ከብሎኩ ጀርባ፣ ከአጥሩ ሥር፣ አንዲት ቁራጭ መሬት ቆፍረው ገብስ ዘሩ። አንድ ቀን አንዲት ተከራይ «አባባ፣ ይሄ የጋራ ግቢ ነው፤ ማን ፈቅዶልዎት ነው የሚዘሩት?» ብላ ተቆጣቻቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ይቅርታ ጠየቋት። ልጃቸው ይህን ሰምቶ መጣ። «መሬቱ የአባቴ ነው! እንግዳዋ አንቺ ነሽ!» ብሎ ጮኸባት። ሽማግሌው ክንዱን ይዘው ወደ በሩ ወሰዱት። «ሁለተኛ እንዲህ ብለህ እንዳትናገር። ከተናገርከው ያልቃል» አሉት። ገብሱ ደረሰ። ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ በእጃቸው አጨዱት፤ አሹት። በማግስቱ ጠዋት የገብስ ቆሎ በወረቀት ጠቅልለው ለሴትየዋ ልጅ ሰጡት። ልጁ «ከየት አመጡት?» ሲላቸው «ከቤቴ» አሉት።

እርምጃ 1፦ መጀመሪያ ያለ እርሳስ አንብቡ

የመጀመሪያውን ንባብ ዝም ብላችሁ አንብቡ። መጨረሻውን ሳታውቁ የምታሰምሩት ነገር ያሳስታችኋል፤ ያማረ አነጋገር እያያችሁ ታሰምሩና ዋናው ነገር ያልፋችኋል። ስትጨርሱ መጽሐፉን ዝጉና ውስጣችሁ የቀረውን አንድ ትዕይንት ጻፉ። ልጆቹን ስጠይቃቸው አንዳንዱ ባርኔጣዋን፣ አንዳንዱ «ከቤቴ» የምትለዋን ይላል። ሁለቱም ልክ ነው። ከዚያ እርሳስ ይዛችሁ ድጋሚ አንብቡ። ረጅም ልብ ወለድ ከሆነ ሙሉውን መድገም አያስፈልግም፤ ውስጣችሁ የቀሩት ትዕይንቶች ያሉባቸውን ምዕራፎችና መጨረሻውን ድገሙ።

እርምጃ 2፦ ርዕሰ ጉዳዮቹን ዘርዝሩና አንዱን ምረጡ

በአንድ በአንድ ቃል ዘርዝሩ። ለታሪካችን፦ መሬት፣ ማጣት፣ ክብር፣ ባለቤትነት፣ አባትና ልጅ፣ ዝምታ፣ ጉርብትና።

አሁን አንዱን መምረጥ ነው። ሁሉንም ላካትት ያለ ሰው ስለ አንዱም ሳይናገር ይጨርሳል። መምረጫው ቀላል ነው፦ ታሪኩን መጀመሪያ፣ መሐልና መጨረሻ ብላችሁ ከፍላችሁ በሦስቱም ቦታ የሚገኘውን ቃል ፈልጉ። «አባትና ልጅ» መሐል ላይ ጎልቶ ይታይና መጨረሻ ላይ የለም። «ባለቤትነት» ግን መሬቱ ሲወሰድ አለ፣ ሴትየዋ «ማን ፈቀደልዎት» ስትል አለ፣ ሽማግሌው «ከቤቴ» ሲሉም አለ። ስለዚህ እሱን እንይዛለን። «ዝምታ»ንም አትጣሉት፤ በኋላ ይጠራል።

እርምጃ 3፦ ምን ተለወጠ? በምን ዋጋ?

ከሁሉም በላይ ብዙ ጊዜ ስጡ የምለው ለዚህ እርምጃ ነው። ርዕሰ ጉዳይ ብቻውን አቋም የለውም። ድርሰቱ አቋሙን የሚያሳየው በገጸ ባሕርዩ ላይ በሚያደርሰው ነገር ነው፤ ማንን እንደጣለ፣ ማንን እንዳነሳ፣ ለማን ምን እንደሰጠና ምን እንዳስከፈለው።

ለሁለት የከፈላችሁትን ገጽ አውጡ። በግራ በኩል «መጀመሪያ»፣ በቀኝ በኩል «መጨረሻ» ብላችሁ ጻፉ። ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ሙሉት።

ሽማግሌው፦ መጀመሪያ ላይ መሬታቸውን አጥተዋል፤ ዝም ብለዋል። መጨረሻ ላይም መሬቱ አልተመለሰላቸውም፤ አሁንም ለትልልቆቹ ምንም አልተናገሩም። ግን ለአንድ ሕፃን «ከቤቴ» ብለዋል። መጀመሪያ ላይ አፋቸው ያልደፈረውን ቃል መጨረሻ ላይ ቀለል አድርገው ተናገሩት።

ልጃቸው፦ መጀመሪያ ላይ ካሳውን ወስዶ ሚኒባስ ገዛ። መሐል ላይ «መሬቱ የአባቴ ነው» ብሎ ጮኸ። መጨረሻ ላይ የለም። ታሪኩ ትቶታል።

ተከራይዋ፦ አልተለወጠችም። ምንም አላወቀችም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ገጸ ባሕርዩ ሌላ ነገር ማድረግ እየቻለ ያላደረገበትን ቦታ ፈልጉ። ሽማግሌው ሴትየዋ ስትቆጣቸው «መሬቱ እኮ የኔ ነበር» ማለት ይችሉ ነበር። እውነትም ነው። አላሉም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ይቅርታ ጠየቁ። ያ ምርጫ ነው፤ ምርጫ ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ ጭብጥ ቅርብ ነው። አስምሩበት። ከጎኑ «ለምን?» ብላችሁ ጻፉ። መልሱን ታሪኩ ራሱ ጥቂት መስመር ዝቅ ብሎ ይሰጣችኋል፦ «ከተናገርከው ያልቃል።»

ገጸ ባሕርዩ ፈጽሞ የማይለወጥበት ድርሰት ቢገጥማችሁ አትደናገጡ። እንዲህ ሲሆን የሚለወጠው የእናንተ የአንባቢዎቹ እውቀት ነው። መጀመሪያ ስለሱ ምን አስባችሁ ነበር? በመጨረሻስ? በግራና በቀኝ ያንን ጻፉ።

እርምጃ 4፦ ቃሉን ጥያቄ አድርጉት

«ባለቤትነት» ብቻ ከሆነ አእምሯችሁ የሚይዘው ነገር አያገኝም። ጥያቄ ስታደርጉት መልስ መፈለግ ይጀምራል። «እንዴት»፣ «ለምን» ወይም «ምን ሲሆን» ያለበት ጥያቄ ይሁን። አዎ ወይም አይደለም ተብሎ የሚመለስ ጥያቄ አያስኬድም።

ለእኛ ታሪክ፦ ሰው የራሱ የነበረን ነገር ካጣ በኋላ እንዴት የራሱ አድርጎ ሊያቆየው ይችላል?

አሁን ታሪኩ ውስጥ ሁለት መልስ እንዳለ ታያላችሁ። የልጁ መልስ፦ በአደባባይ በመናገር። የአባትየው መልስ፦ በመንከባከብ። ታሪኩ ከማን ጋር እንደሆነ የሚያሳየው መጨረሻው ነው። የመጨረሻው ትዕይንትና የመጨረሻው ቃል የተሰጠው ለአባትየው ነው። ስለዚህ ዓረፍተ ነገራችሁ ወደዚያ ያዘነብላል።

ማስጠንቀቂያ፦ መልሱን ከታሪኩ ውስጥ እንጂ ከራሳችሁ ንዴት ወይም ሐዘን አታምጡ። ስለ መሬት የሚያወራ ታሪክ ሲሰጣቸው ብዙ ልጆች በቤተሰባቸው ወይም በጎረቤታቸው ላይ የደረሰውን ይጽፋሉ። ስሜቱ ይገባኛል፤ እዚህ ዳር ላይ ለሚኖር ሰው ሩቅ ነገር አይደለም። ግን የተጠየቃችሁት ይህ ታሪክ የሚለውን ነው። ታሪኩ ካሳው አነሰ ብሏል? አላለም። ስለዚህ የካሳው ማነስ ጭብጣችሁ ውስጥ አይገባም።

እርምጃ 5፦ ረቂቁን ጻፉ፣ ደጋግማችሁ አጥብቁት

የመጀመሪያው ረቂቅ ደካማ ይሆናል፤ ይሁን። ዋናው እያንዳንዱን ረቂቅ «ምን ቀረህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። እንየው።

ረቂቅ አንድ፦ ሰው መሬቱን ይወዳል።
እውነት ነው፤ ግን ታሪኩን ሳያነብ ማንም ሊጽፈው ይችላል። ምንም አላብራራም።

ረቂቅ ሁለት፦ ሰው ያጣውን መሬት አይረሳም።
ትንሽ ተሻለ። ገብሱን ያብራራል። ግን ሽማግሌው ልጃቸውን ለምን ዝም እንዳሰኙት አያብራራም። ልጁም እኮ አልረሳም!

ረቂቅ ሦስት፦ ሰው ያጣውን ነገር የራሱ አድርጎ የሚያቆየው «የኔ ነው» በማለት ሳይሆን በመንከባከብ ነው።
አሁን አባትና ልጅ ተለያዩ። ገብሱም፣ ተግሳጹም፣ ቆሎውም ተብራራ። ብዙ መምህር ይህን ይቀበላል። ግን ባርኔጣዋ ቀርታለች። ሽማግሌው በገዛ አውድማቸው ላይ ቆመው ይቅርታ መጠየቃቸው ዋጋ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ያንን ዋጋ አልጠራም።

ረቂቅ አራት፦ ባለቤትነት ከወረቀት ላይ ከተፋቀ በኋላ በእንክብካቤ ሊቀጥል ይችላል፤ ያንን ለማስቀጠል ግን ሰው መብቱን ከመናገር መቆጠብና ውርደትን መዋጥ ሊኖርበት ይችላል።

ይኸው። ዝምታው ተመልሶ ገባ። የሰዋስው አገባባችሁ ላይ «ቢሆንም»፣ «ግን»፣ «ምክንያቱም»፣ «እስካለ ድረስ»፣ «ከሆነ በኋላ» የሚሉትን ተጠቀሙባቸው። ሁለት ሐሳብ የሚያያይዙ ናቸው፤ ድርሰት ደግሞ የሚቆመው ሁለት ነገር ሲጋጭ ነው። ዓረፍተ ነገራችሁ ውስጥ ምንም ዓይነት ግጭት ከሌለ ምናልባት የጻፋችሁት ገና ርዕሰ ጉዳዩን ነው።

ርዝመቱስ? ሁለት መስመር አካባቢ ይበቃል። ከሦስት መስመር ካለፈ ሁለት ጭብጥ አንድ ላይ ጨምቃችኋል ማለት ነው፤ ክፈሉት።

እርምጃ 6፦ ስሞቹን አውጡ

ጭብጡ ከዚያ ድርሰት ውጭ ላለ ሰውም የሚሠራ መሆን አለበት። የገጸ ባሕርይ ስም፣ የቦታ ስም፣ የድርጊት ዝርዝር ካለበት ገና ታሪኩን እየተረካችሁ ነው።

ይህን ለማሳየት አብዛኞቻችሁ የምታውቁትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ልውሰድ። በ1958 ዓ.ም. የታተመ የሀዲስ ዓለማየሁ ሥራ ነው። ልጆቹ እንዲህ ይጽፋሉ፦

በዛብህና ሰብለ ወንጌል ተዋደው ፊታውራሪ መሸሻ በዘር ኩራታቸው ምክንያት ስለከለከሏቸው ሳይኖሩ ሞቱ።

ይህ የታሪኩ ጭማቂ ነው። ስሞቹን አውጡና በቦታቸው የሚወክሉትን ነገር አስገቡ። ፊታውራሪ መሸሻ ማናቸው? በዘር ኩራት የሚመራ ሥርዓት ጠባቂ። በዛብህና ሰብለ ወንጌል? ሥርዓቱ የማይፈቅደው ፍቅር። ከዚያ እርምጃ 3ን አስታውሱና ዋጋውን ማን እንደከፈለ ጠይቁ። ፍቅረኞቹ ብቻ አይደሉም። ፊታውራሪም ሊጠብቋት የፈለጉትን ልጅ ያጣሉ። እንግዲህ፦

በዘር ኩራት ላይ የቆመ ሥርዓት ከመደቡ የወጣን ፍቅር ሲያፍን የሚጎዳው ፍቅረኞቹን ብቻ አይደለም፤ ሥርዓቱን እጠብቃለሁ የሚሉትንም የሚሳሱለትን ያሳጣቸዋል።

ስም የለበትም። ግን መጽሐፉን ያነበበ ሰው የቱ መጽሐፍ እንደሆነ ወዲያው ይገምታል። ልኩ እዚህ ጋ ነው፤ ስሙ ጠፍቶ ድርሰቱ ሲሸት።

እርምጃ 7፦ ልትሰብሩት ሞክሩ

አድማጫችሁን አሁን ጥሩት። ዓረፍተ ነገሩን አንብቡለትና ሦስት ነገር አብራችሁ ጠይቁ።

መጨረሻው ይደግፈዋል? ካልደገፈው መሐል ላይ ቆማችኋል ማለት ነው።

የሚቃወመው ትዕይንት አለ? ካለ አትደብቁት፤ ዓረፍተ ነገሩን አስተካክሉ።

ሌላ አሥር ታሪክ ላይ ቢለጠፍ ይሠራል? ከሠራ በጣም ሰፊ ነው። «ሕይወት ትግል ናት» የማይሠራበት ልብ ወለድ ፈልጋችሁ አታገኙም።

አንዲት ተማሪ ሁለተኛውን ጥያቄ ይዛ ረቂቅ አራትን ሞገተችኝ። «ሽማግሌው ዝም ያሉት እንጀራቸው እንዳይቋረጥ ፈርተው ቢሆንስ? ሌሊት ተደብቀው ነው ያጨዱት» አለችኝ። ጥሩ ሙግት ነው፤ እንዲህ ያለውን መፈለግ አለባችሁ። መልሱን ከቃላቸው ፈለግነው። ፍርሃት ቢሆን ልጃቸውን «ታስባርረኛለህ» ይሉት ነበር። ያሉት «ከተናገርከው ያልቃል» ነው። የሚያልቀው ሥራው አይደለም፤ በውስጣቸው ያለው ነገር ነው። ደግሞ የፈራ ሰው ያጨደውን ይደብቃል እንጂ በማግስቱ ለተቆጣችው ሴትዮ ልጅ አይሰጥም። ያም ሆኖ ሌሊቱን ፍርሃት የለበትም ማለት አይቻልም። «ሊቀጥል ይችላል»፣ «ሊኖርበት ይችላል» ያልኩት ለዚህ ነው። ታሪኩ ያልዘጋውን በር እናንተ አትዝጉት።

እርምጃ 8፦ ማስረጃ አያይዙ

ማስረጃ የሌለው ጭብጥ አስተያየት ነው። ቢያንስ ሦስት አያይዙ፦ አንድ ንግግር፣ አንድ ድርጊት፣ አንድ ከመጨረሻው። ከየቦታው መውሰዳችሁ ጭብጡ ሙሉ ድርሰቱን እንደሚሸፍን ያሳያል። ሦስቱም ከአንድ ገጽ ከሆኑ ያሳያችሁት የዚያን ገጽ ሐሳብ ብቻ ነው።

አንቀጹ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

ታሪኩ ባለቤትነት ከወረቀት ላይ ከተፋቀ በኋላ በእንክብካቤ ሊቀጥል እንደሚችል፣ ያም መብትን ከመናገር መቆጠብንና ውርደትን መዋጥን ሊጠይቅ እንደሚችል ያሳያል። ዘበኛው በቀድሞ መሬታቸው ላይ ገብስ ይዘራሉ፤ ሲገሰጹም ባርኔጣቸውን አውልቀው ይቅርታ ይጠይቃሉ። ልጃቸው እውነቱን ሲያወጣው «ከተናገርከው ያልቃል» ማለታቸው ዝምታውን ሆን ብለው የመረጡት መሆኑን ያመለክታል። መጨረሻ ላይ ቆሎውን «ከቤቴ» ነው ያመጣሁት ሲሉ፣ ማንም ሳይፈቅድላቸው ቦታውን አሁንም ቤታቸው አድርገው እንደያዙት እንረዳለን።

አስተውሉ፤ ከእያንዳንዱ ማስረጃ ጋር ምን እንደሚያሳይ ተጽፏል። ጥቅስ ደርድሮ መሄድ ትንታኔ አይደለም።

ተደጋግመው የማያቸው ስህተቶች

ምክር መጻፍ። «መሬትህን አትልቀቅ»፣ «ሽማግሌን አክብሩ»። ትእዛዝ ከሆነ ጭብጥ አይደለም። ማስተካከያው ቀላል ነው፤ «አድርጉ» የሚለውን «እንዲህ ሲሆን እንዲህ ይሆናል» ወደሚለው ለውጡት።

ተረትና ምሳሌ መለጠፍ። ይህ የእኛ ትልቁ ችግር ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች»። ምሳሌያዊ አነጋገር ያምራል፤ አፋችን ላይም ቀድሞ ይመጣል። ግን ከድርሰቱ በፊት የነበረ ሐሳብ ነው፤ የዚህን ድርሰት ልዩ ነገር አይዝም። ከመጣላችሁ ደብተር ላይ ጻፉትና «ይህ ድርሰት ከዚህ ምሳሌ በምን ይለያል?» ብላችሁ ጠይቁ። የልዩነቱ መልስ ብዙ ጊዜ ጭብጡ ነው።

«ደራሲው ሊያስተምረን የፈለገው...» ብሎ መጀመር። ደራሲው ምን እንደፈለገ አናውቅም። ያለን ድርሰቱ ነው። «ታሪኩ የሚያሳየው...» በሉ።

«ሁልጊዜ»፣ «ማንኛውም ሰው»፣ «ፈጽሞ»። አንድ ተቃራኒ ምሳሌ ያፈርሳቸዋል። «ሊሆን ይችላል»፣ «ብዙ ጊዜ»፣ «እንዲህ ባለ ሁኔታ» ይበልጥ ያስኬዳሉ። በየቃሉ «ይችላል» ብላችሁ ግን አታላሉት፤ አቋም ያለው ዓረፍተ ነገር ነው የሚፈለገው።

ቃል መደርደር። «የዚህ ድርሰት ጭብጥ ፍቅር፣ ጥላቻ፣ ድህነትና ጀግንነት ነው።» ይህ የእርምጃ 2 ዝርዝር ነው። ገና ስድስት እርምጃ ይቀራችኋል።

ሌላ ዓይነት ጽሑፍ ሲሆን

ግጥም ላይ ሴራም ገጸ ባሕርይም ላይኖር ይችላል። «ምን ተለወጠ?» የሚለውን በተናጋሪው ስሜት ላይ ጠይቁ፤ በመጀመሪያው ስንኝና በመጨረሻው ስንኝ መካከል ስሜቱ የት ተነስቶ የት ደረሰ? ሰምና ወርቅ ያለበት ከሆነ ጭብጡን ከወርቁ ውሰዱ፤ ሰሙን ግን እንደ ማስረጃ ተጠቀሙበት።

ተውኔት ላይ የሚናገርላችሁ ተራኪ የለም። ስለዚህ ገጸ ባሕርያቱ የሚሉትንና የሚያደርጉትን አነጻጽሩ። ሁለቱ የማይገጥሙበት ቦታ ላይ ቁሙ።

አፈ ታሪክና ተረት ላይ መጨረሻው ብዙ ጊዜ ምክር ሆኖ ይመጣል። ምክሩን አትገልብጡ፤ ምክሩ እውነት እንዲሆን ታሪኩ ማንን እንደቀጣና ማንን እንደሸለመ ጻፉ።

ፈተና ላይ ጊዜ ሲያጥር

ስምንቱን እርምጃ መሄድ አትችሉም። ሦስቱን ያዙ፦ 3፣ 5 እና 6። መጨረሻውን መጀመሪያ ድጋሚ አንብቡ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ምን አገኘ፣ ምን ከፈለ? ያንን በ«ቢሆንም» ወይም በ«ግን» አያይዙ። ስሙን አውጡ። ማስረጃ አንድ ከመሐል፣ አንድ ከመጨረሻ ጥቀሱ።

«ትክክለኛው ጭብጥ የቱ ነው?» ለሚሉኝ

አንድ ድርሰት ከአንድ በላይ ጭብጥ ሊኖረው ይችላል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንደ እብድ ከሚቆጠረው ገጸ ባሕርይ ከጉዱ ካሳ በኩል ብታዩት ሌላ ዓረፍተ ነገር ይወጣችኋል፦ ማኅበረሰብ ጉድለቱን የሚነግረውን ሰው እንደ እብድ ሲቆጥር ራሱን ከመታረም ይከለክላል። ይህም ከላይ ከጻፍነው ጋር አይጣላም፤ በሌላ በር የገባ ነው። ከጓደኛችሁ መልስ ጋር ስላልገጠመ ብቻ የእናንተን አትሰርዙ። ሁለታችሁም ማስረጃችሁን ቁጠሩ፤ የማን ዓረፍተ ነገር ብዙ ትዕይንት ያብራራል? ለመምህሩ የምትሰጡት ያንን ነው። እኩል ከሆኑ ደግሞ መጨረሻውን ይበልጥ የሚያብራራውን ምረጡ፤ የቀረውን ደብተራችሁ ላይ ተዉት፤ ለሚቀጥለው አሳይመንት ይሆናል።